የድምቡሼ ሆድ

ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ሰንብቷል? እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል። ጋራዥ ሥራ በዝቶበት ግራሶው ከእጁ ሳይለቅ ነው የሚተኛው። እኔም የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ ሰፍቼ አልጨረስኩም፤ ትምህርት ከተከፈተ ሰነበተ፣ እናቶች አሁንም በር ላይ ቆመው “የኔ ልጅ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው” ይሉኛል። ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ጨርቅ ሆኗል።

ልጅሽ ድምቡሼ ደህና ናት። ሙአለ ሕፃናት ገብታለች። ማታ ስፌት መኪናዬ ሥር ትቀመጥና ቀን የተማረችውን መዝሙር ትዘምርልኛለች፤ ግማሹን ራሷ ናት የምትፈጥረው። ትንሽ ከሳ ብላለች። ልጅ ሲመዘዝ ይከሳል፤ አንቺም በሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርሽ። አንዳንዴ ሆዷን ይቆርጣታል፤ የሚያሳስብ አይደለም።

እግሯ አድጓልና ሰው ሲመጣ ጫማ ላኪላት። ፎቶዋን ሌላ ጊዜ እልክልሻለሁ።

ታላቅ እህትሽ

•

ኅዳር 20 ቀን

ለእትዬ፣ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። ጋሼንም ሳሚልኝ። እኔ ለክፉ አልሰጥም። ሥራው ያው ነው፤ እዚህ በሰው አገር መጦሪያ ቤት የአረጋውያኑን መጋረጃ እከፍታለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ። የምሠራበት ፎቅ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ስሜን አያውቁትም፤ “ልጄ” ነው የሚሉኝ።

እትዬ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። “አንዳንዴ ሆዷን ይቆርጣታል” የምትለው ላይ ስደርስ ዓይኔ አላልፍ ይለኛል። አንዳንዴ ማለት መቼ መቼ ነው? ከበላች በኋላ ነው? ምግቧን ትጨርሳለች? በሱቁ ስልክ ስደውል “ደህና ናት፣ ደህና ናት” ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስልኩን ለድምቡሼ አቀብያት ስልሽ ደግሞ ትሸሻለች፤ ጫማዋ ሲርቅ ይሰማኛል።

ጫማውን ልኬያለሁ። ቁጥሩን በግምት ነው የገዛሁት። ከጠበባት አትጨቅጭቂያት፣ ለሌላ ልጅ ስጪው።

የደበቅሽኝ ነገር ካለ ጻፊልኝ። የራቀው አካሌ ነው እንጂ ለልጄ እንግዳ አይደለሁም።

እህትሽ

•

ጥር 3 ቀን

ለእህቴ፤

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። እኛ በሕይወት አለን። ጫማው ልክክ አለላት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ብዕር አነሳና መልሼ አስቀምጣለሁ። ይህን ነገር በሱቁ ስልክ፣ ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ፣ ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ፣ በምን አፌ ልንገርሽ? ድምቡሼ የያዛት የሆድ ድርቀት ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ሲመጣባት ታውቀዋለች። ጨዋታዋን ትታ በር ጀርባ ትሄዳለች። እግሯን አነባብራ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ትቆማለች። እኔ ሞኟ እያማጠች መስሎኝ “አይዞሽ፣ ግፊ” እላት ነበር። ለካ እንዳይወጣ እየያዘችው ኖሯል። አፍታ ቆይቶ ያልፍላትና ምንም እንዳልሆነ ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። እንዲህ ስታደርግ ሳምንት ይሞላታል። በመጨረሻ እንቢ ሲላት እንደ ድንጋይ ሆኖ ነው የሚወጣው። ጩኸቷን ግቢው በሙሉ ይሰማዋል። ደም ያየሁበትም ቀን አለ።

በዚያ ላይ ሳታውቀው ልብሷ ይበላሻል። መምህርቷ የውስጥ ሱሪዋን በፌስታል ቋጥራ፣ “ይህን ያህል ትልቅ ልጅ!” ብላ ላከችልኝ። የክፍሏ ልጆች ስም አውጥተውላታል። ስሙን አልጽፍልሽም።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። የግቢያችን አዛውንት ወስፋት ነው አሉ፤ የወስፋት መድኃኒት ሰጠኋት። ጸጉር ሠሪዋ የጉሎ ዘይት አለችኝ፤ እሱንም አጠጣኋት። ሆዷን አገላብጦ አስለቀሳት እንጂ አልፈታላትም። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ይዤ ስመጣ ጥርሷን ትነክሳለች። ባለቤቴ “እልኸኛ ናት፣ እልኋን ነው የያዘችው” ይላል። ፖፖ ስታይ ግን ትንቀጠቀጣለች። እልኸኛ ሰው ይንቀጠቀጣል?

እኔ የማደርገው ጠፍቶኛል። አንቺ ነርሶች ባሉበት ትውያለሽ፤ ጠይቂልኝ።

እህትሽ

•

ጥር 28 ቀን

ለእትዬ፤

እንደምን አለሽ? ድምቡሼስ እንደምን አለች?

ሥራዬን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። እዚህ ቤት ጠዋት ለእያንዳንዱ ሰው የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ “ትናንት ወጣልዎ?” የሚል ነው። የሽማግሌ ሆድ ይደርቃል፤ ስለዚህ ይጠየቃል፣ ማንም አያፍርም። ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ አሉ፤ ስጠይቃቸው ኮስተር ብለው “ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል” ይሉኛል። የተሳካላቸው ቀን ደግሞ “ውሳኔ ተሰጥቷል” ብለው እጄን ይጨብጡኛል። አየሽ፣ የማላውቀውን ሰው አባት ሆድ ስጠይቅ እየዋልኩ የገዛ ልጄ ሆድ ሳልሰማው ከረመ።

የፎቃችንን ዋና ነርስ ጠየቅኋት። “ልጅ ላይማ ምን ያስደንቅሻል? የኔም ሁለቱም ልጆቼ አልፈውበታል” አለችኝ። እዚህ ለአረጋውያኑ የምንሰጠውን መድኃኒት ልላክላት ስል ግን ተቆጣችኝ፤ ልጅቷ ሳትታይ፣ ክብደቷ ሳይታወቅ፣ ምንም እንዳልልክ። ደም ካየሽ ደግሞ ሐኪም ይያት ብላለች። ካስመለሳት፣ ሆዷ ከተነፋ፣ ትኩሳት ካላት ሳታድሪ ውሰጃት። የጉሎ ዘይቱን ጣይው።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ኃላፊዋ ሰምታ ሰምታ “የሆድ ድርቀት?” አለችኝ። እንደገና እንድናገረው ፈልጋ ይሆናል፤ እኔ ግን ሁለተኛ ማለት አቃተኝ። ውሌ ሳያልቅ አልሄድም። ባቋርጠው የመመለሻ በሩ ይዘጋል፤ ድምቡሼን የማሳድግበትም እሱ ነው። ታስሬያለሁ፣ እትዬ።

ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ዛሬ ነገ አትበይ። ጋሼንም እልኸኛ አይበላት በይልኝ።

እህትሽ

•

የካቲት 24 ቀን

ለእህቴ፤

ለሰላምታሽ ሰላም። ወሰድኳት፤ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ልንገርሽ።

ጤና ጣቢያው መጠበቂያ ላይ አግዳሚው ሞልቶ ነበር። ካርድ የሚያወጣው ሰው ከመስኮቱ ኋላ ሆኖ “ምኗን ነው?” ሲለኝ ተጠግቼ በጆሮው ነገርኩት። “አልሰማሁም፣ ጮክ በይ” አለኝ። “ድርቀት” አልኩ። ዞር ስል ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። አጠገቤ ልጅ ያቀፈች ሴት ነበረች። አጎንብሳ “የኔም እሱው ነው፣ እኔ ግን ሆድ ቁርጠት ብዬ ነው ያስጻፍኩት” አለችኝ። ከፊታችን አንድ ሹፌር ልጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። “የኔ ትኩሳት ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ትኩሳት የለውም” አለ። ሳቅ ያዘን። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመን! አንዷ ስለ ፓፓያ፣ አንዷ ስለ ሙዝ፣ ሹፌሩ ልጁ ጎማ ጀርባ ተደብቆ እንዴት እንደሚቆም እየተነሳ ያሳየን ጀመር። ያን ያህል ሰው ያንኑ ነገር በየቤቱ ደብቆ ኖሯል።

የገባንባት ነርስ ጸጉሯ ሸበት ያለ፣ ድምፀ ለስላሳ ናት። ሆዷን ዳበሰች፣ መዘነቻት፣ ደሙ ሲወጣ ከተሰነጠቀው ቆዳ መሆኑን አየች። “እናት” አለችኝ፤ አላረምኳትም። “ከአሥር ልጅ አንዱ እንዲህ ነው፤ የሚበልጥበትም ቦታ አለ። አብዛኞቹ ሌላ በሽታ የለባቸውም። አንድ ቀን ደርቆ ያማታል። ያመማትን ትፈራለች። ስትፈራ ትይዘዋለች፣ ሲያዝ የባሰ ይደርቃል፣ ሲወጣ የባሰ ያማታል። መውጫ የሌለው ክብ ነው።” ስለ ልብሷ ስጠይቃት፣ የደረቀው መንገዱን ዘግቶ ቀጭኑ በጎን እያመለጠ ነው፣ ልጅቷ አትሰማውም፣ በዚህ የሚቆጣት ሰው ካለ ይተዋት አለች።

ከዚያ “መቼ ጀመራት?” አለችኝ። “ሰነበተ” አልኩ። “ያን ሰሞን ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር ነበር?” አለችኝ። የነጠላዬን ጫፍ አስተካከልኩ። እሷም ወደ ልጅቷ ዞረች።

“ድምቡሼ፣ ለምንድን ነው ካካሽን የምትይዥው? ያምሻል?”

“ያመኛል።”

“ሌላስ?”

ድምቡሼ የጫማዋን ማሰሪያ ስትነካካ ቆየችና፣ “እማዬ ካካ ስል ሄደች” አለች። “ካካ ካልኩ አክስቴም ትሄዳለች።”

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች።

ያን የሄድሽበትን ጠዋት ታውቂዋለሽ። ሻንጣውን እንዳታይ፣ ለቅሶዋም አንጀትሽን እንዳይበላው ብለን ነው ፖፖው ላይ አስቀምጠን መጋረጃውን የሳብነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ልጅ ይረሳዋል ይባላል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሽሮፕ ሰጥታናለች፤ ለወራት ነው አለች። ከቁርስና ከእራት በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንድትቀመጥ፣ እግሯ እንዳይንጠለጠል፣ ወጣም አልወጣም እንዳንቆጣት። ውኃና ፍራፍሬ። ባለቤቴ ነገሩን ስነግረው ተነስቶ ጋራዥ ሄደ፤ በማግስቱ ከብረት ቁራጭ የእግር ማሳረፊያ በርጩማ በይዶ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ አመጣላት።

እህትሽ

•

ግንቦት 11 ቀን

ለእትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። መዘግየቴን በክፉ አትተርጉሚው፤ አልተቀየምኩሽም። የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። ወረቀቱን አወጣለሁ፣ “ለእትዬ” እላለሁ፣ እዚያው ይቀራል።

አሁን በሽተኛ አጠገብ ስሆን ያስቸግረኛል። መጸዳጃ ቤት አስገብቼ “እዚሁ ነኝ” እላቸዋለሁ፤ ሥራዬ ነው፣ እንዳይወድቁ በሩ ላይ መቆም አለብኝ። “አለሽ?” ይሉኛል። “አለሁ” እላለሁ። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምል አላውቅም። ለልጄ አንድ ጊዜም ልላት አልችልም።

በሐምሌ መጨረሻ ውሌ ሲታደስ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ይሰጡኛል። መምጣቴን እንደ ምሥራች ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ አሁን ፈራሁ። መጥቼ ስመለስ እንደገና ብትይዘውስ? ብቀር ይሻላት ይሆን? ዳኛውን አማከርኳቸው። ብዙ አሰቡና “ይህ ከኔ ሥልጣን በላይ ነው፣ ልጄ” አሉኝ።

ነርሷን ጠይቂልኝ። አትምጪ ካለችም ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ጫማ፣ ልብስ፣ የምትፈልጉት ካለ ንገሪኝ።

እህትሽ

•

ሰኔ 15 ቀን

ለእህቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁላችንም አለን። ምንም አትላኪ፤ የሚያስፈልገን ነገር የሚላክ አይደለም።

ልጅቷ ተሽሏት ነበር። ለስላሳ ሆነላት፣ መብላት ጀመረች፣ ጉንጯ ተመለሰ። እኔም ዳነች ብዬ ሽሮፑን ተውኩት። ብዙም ሳይቆይ በር ጀርባ ቆማ አገኘኋት፤ ያንኑ መጋረጃ ይዛ። ነርሷ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። “ሁሉም ሲሻላቸው ይተዉታል፣ ከዚያ ይመለሳሉ፤ ለዚህ ነው ለወራት ያልኩሽ” ብላ እንደገና ጀመረችልን። የተወጠረ አንጀት እስኪሰበሰብ ጊዜ ይፈልጋል አለች።

ያንቺን ጉዳይ ጠየቅኋት። “ትምጣ” አለች። “ስትሄድ ግን በፊቷ ትሂድ። ሻንጣውን ልጅቷ እያየች ትዝጋ። ልጅቷም ታልቅስ፤ ለቅሶ ደህና ነው።”

እኔ በበኩሌ… እንዳሻሽ አድርጊ። ቤትሽ ነው።

እህትሽ

•

ነሐሴ 26 ቀን

ለእትዬ፤

በሰላም ገብቻለሁ። ለሰጠሽኝ አልጋ፣ ለሸፈንሽልኝ ገመና ሁሉ ፈጣሪ ይክፈልሽ።

እዚያ ሆኜ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በመጣሁ ሰሞን አንድ ቀን አንቺ ቁልፍ ልትገዢ ወጥተሽ ድምቡሼ ሽንት ቤት መጣባት። በርጩማዋን ይዤላት ሄድኩ። እግሯን አስተካከልኩላት። ቀና ብላ አየችኝና “አንቺ ውጪ፣ አክስቴን ጥሪልኝ” አለችኝ። “አክስቴ አሁን ትመጣለች፣ እኔ ልቁም” አልኳት። ተነስታ ሱሪዋን ሳበች። አንቺ እስክትመጪ ጠበቀች። በሙያዬ የሰው አባትና እናት የማስቀምጥ ሴት፣ የገዛ ልጄን ማስቀመጥ አቃተኝ።

የሄድኩ ዕለት እንደተባልኩት አደረግሁ። ተንበርክኬ “እማዬ ለሥራ እየሄደች ነው። ሻንጣው ይኸው፣ መኪናው ይኸው” አልኳት። አንገትጌዬን ስትይዝ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያስለቀቅሽው አንቺ ነሽ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ፊቴን ወደሷ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ እንድታየኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ሆዷ እንዴት ነው? ሌላውን ሁሉ ተይውና እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

እህትሽ

•

ጥቅምት 2 ቀን

ለእህቴ፤

በሰላም መግባትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እሱን ብቻ ጻፊልኝ ስላልሽ እሱን ብቻ እጽፋለሁ።

ስትሄጂ እስክትደክም አለቀሰች፤ ከዚያ እኔ ላይ ተኛች። በማግስቱ ያዘችው፣ በሦስተኛውም ቀን ያዘችው። ሽሮፑን ትጠጣለች፣ ትቀመጣለች፣ በርጩማው ላይ እግሯን ታሳርፋለች፣ ከዚያ “የለም” ብላ ትነሳለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ነርሷ የሽሮፑን መጠን ጨመረችልኝና ጠብቂ አለችኝ። መጠበቅ ምን እንደሆነ ገባኝ። ጨርቅ እቆርጣለሁ፣ ጠማማ ይወጣል። ባለቤቴ ከጋራዥ በምሳ ሰዓት እየመጣ በር ላይ ይቆምና በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ሳይበላ ይመለሳል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች የአንድ ፍሬ ልጅ ሆድ ጠብቀን ዋልን፣ አደርን።

ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ እየሰፋሁ ሳለ ከሽንት ቤቱ በኩል ጠራችኝ። እኔን መጥራቷ መሆኑን ያወቅሁት ወዲያው አይደለም። “እማዬ” ነው ያለችው።

ተነሳሁና መሀል ወለል ላይ ቆምኩ። መልስ ብሰጣት ያንቺን ወሰድኩ፤ ዝም ብላት ልጅቷን ብቻዋን ተውኳት። እንደገና “እማዬ” አለች። አፌ አልከፈት አለኝ። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። አየችኝ፣ አልተገረመችም። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ያዝኳት። ወጣላት። አለቀሰች፣ ግን አልጮኸችም።

ሆዷ አሁን ደህና ነው። ሽሮፑን አላቆምኩም፤ ገና ነው ብላናለች፣ ሊመለስም ይችላል ብላናለች። አንድ ነገር ግን ነርሷን መጠየቅ አልቻልኩም፤ ያንቺ ስለሆነ አንቺን እጠይቃለሁ። ደግማ እንደዚያ ብላ ብትጠራኝ ምን ልበላት?

እህትሽ

•

ጥቅምት 17 ቀን

ለእትዬ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ደብዳቤውን የሚይዘው ሰው ታች መኪና ውስጥ እየጠበቀኝ ነው፣ ሳይሄድብኝ ይድረስሽ ብዬ ነው።

“ውሳኔ ተሰጥቷል” አልኳቸው ለዳኛው፤ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ እጄን ጨበጡኝ። ደስ ብሎኛል። ከዚያ የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት፤ እዚያ ብዙ ቆየሁ።

ከዚህ ሆኜ ሽሮፑን አላጠጣት፣ ሆዷን አልዳብሳት፣ በሩ ላይ አልቆምላት። ልልክላት የምችለው አንዳች ነገር የለኝም። ስለዚህ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ደግማ “እማዬ” ካለች ዝም አትበያት። ወዬ በያት።

እህትሽ